የሁለቱ የልብ በሮች ሕመምና ቀዶ ሕክምናው
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ትምህርት

በየአጥቢያው ከቅዳሴ በኋላ ከሚነገሩት የርዳታ ጥሪዎች መካከል ለልብ ቀዶ ሕክምና የሚቀርበው ጥሪ ለማንኛችንም እንግዳ አይደለም። የሕክምና ማስረጃው ለምእመናን ይነበባል፤ ሁሉም እንደ ዐቅሙ ይሰጣል፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ በሰበካ ጉባኤው በኩል ለሕመምተኛው ቤተሰብ ይደርሳል። ይህ የሚያስመሰግን ልማድ ነው። ሆኖም የሰበካ ጉባኤው ድርሻ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ በተላለፈበት ዕለት ያበቃል፤ ሕመምተኛው ታክሞ ሲመለስም የምስጋና ጸሎት ተደርጎ ጉዳዩ እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል። በልብ በሮች ሕመም፣ ይልቁንም ሁለት በሮች በአንድነት በታመሙበት ሰው፣ ይህ አስተሳሰብ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመጡት ዓመታት እንደ ቀዶ ሕክምናው ዕለት ሁሉ ጥንቃቄ ይሻሉ። ከጥንቃቄዎቹም ብዙዎቹ ከጾም፣ ከጠበል፣ ከጋብቻና ከንስሐ አባት ምክር ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ከሐኪሙ ይልቅ ለአጥቢያው ቅርብ ናቸው።

የልብ በሮችና የሕመማቸው ምንጭ

የሰው ልብ አራት ክፍሎችና አራት በሮች አሉት። ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸው እነዚህ በሮች ስስ ነገር ግን ጠንካራ ክዳኖች ሲሆኑ፣ ሥራቸው ደም ወደ ፊት ብቻ እንዲሄድና ወደ ኋላ እንዳይመለስ ማድረግ ነው። ከሳንባ የጠራውን ደም የሚቀበለው የልብ የግራው የላይኛው ክፍል ነው። ከዚያ ወደ ግራው የታችኛው ክፍል የሚያሳልፈው በር ሚትራል ይባላል። ሁለት ክዳን ስላለው ስሙ የምዕራባውያን ኤጲስ ቆጶሳት ከሚደፉት ባለ ሁለት ጫፍ አክሊል የተወሰደ ነው። የግራው የታችኛው ክፍል ደግሞ የተቀበለውን ደም አዎርታ በሚባለው ትልቅ የደም ሥር በኩል ለመላው አካል ይገፋል። በዚህ መውጫ ላይ ያለው ባለ ሦስት ክዳን በር አዎርቲክ ነው። ሚትራልና አዎርቲክ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ጅማታማ መጋረጃ ያያይዛቸዋል። ይህ ጉርብትና በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ትርጉም ስለሚኖረው አንባቢ በልቡናው እንዲይዘው እንፈልጋለን።

በር በሁለት መንገድ ይታመማል። አንድም ክዳኖቹ ጠባሳ ይዘው ይጣበቁና አልከፈት ይላሉ፣ አንድም ተኮማትረው አልገጥም ስለሚሉ ደም ወደ ኋላ ያስመልሳሉ። የመጀመሪያው ጥበት፣ ሁለተኛው ማስመለስ ይባላል። በአንድ በር ላይ ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ።

በበለጸጉት አገሮች የበር ሕመም በአብዛኛው የአረጋውያን ነው። በእኛ አገር ግን የሕፃናትና የወጣቶች ሕመም ሆኖ የሚገኘው ምክንያቱ ሌላ በመሆኑ ነው። ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ፣ ሳይታከም ሲቀር ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ሩማቲክ ትኩሳት የሚባለውን ሊያስከትል ይችላል። ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን ልብ ያጠቃል። የመገጣጠሚያው እብጠት ያልፋል፤ በልብ በሮች ላይ የቀረው ጉዳት ግን አይመለስም። ሕመሙ በተደጋገመ ቁጥር ጠባሳው ይወፍራል። ሚትራል ብዙውን ጊዜ ቀዳሚው ተጠቂ ነው፤ አዎርቲክ ይከተላል። ስለዚህም ለሐኪም ዘግይቶ የደረሰ ወጣት ሁለቱም በሮቹ ተጎድተው መገኘታቸው የተለመደ ነው። በዓለም ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሩማቲክ የልብ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ ይገመታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ልጁ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ዛሬም በየመንደሩ ይደረጋል። ባክቴሪያው ግን በምላጭ አይወጣም፤ ቁስሉም ራሱ ደም መፍሰስንና ሌላ ልክፈትን ይጋብዛል። የጉሮሮው ሕመም በጤና ጣቢያ በፔኒሲሊን ይታከማል፤ ዋጋውም ከልብ ቀዶ ሕክምና ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

አንዱ ሕመም ሌላውን ሲሸፍን

ሁለት በሮች በአንድነት ሲታመሙ ጉዳቱ የሁለት ሕመሞች ድምር ብቻ አይደለም። አንደኛው የሌላውን መልክ ይለውጣል፣ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ይሸፍነዋል። ይህን ለመረዳት የመስኖ ቦይን ማሰብ ይበቃል። ከላይና ከታች ሁለት መዝጊያዎች ያሉት ቦይ ቢኖርና የላይኛው መዝጊያ በግማሽ ቢዘጋ፣ ወደ ታችኛው የሚደርሰው ውኃ ትንሽ ስለሚሆን የታችኛው መጥበብ አይታወቅም፤ ውኃው ያለ ችግር የሚያልፍ ይመስላል። የላይኛው በተከፈተ ቀን ግን ውኃው ሁሉ በታችኛው ላይ ይከመራል።

በልብም እንዲሁ ነው። ሚትራል እጅግ ሲጠብ ወደ ግራው የታችኛው ክፍል የሚገባው ደም ያንሳል፤ በመሆኑም በአዎርቲክ በር ግራና ቀኝ የሚለካው የግፊት ልዩነት አነስ ብሎ ይታያል፣ የአዎርቲክም ጥበት ከእውነተኛው መጠኑ ቀላል ይመስላል። ሚትራል ብቻ ታክሞ ቢለቀቅ የተደበቀው ሕመም በሙሉ ኃይሉ ይገለጣል፤ ሕመምተኛውም ዳግመኛ ደረቱ መከፈት ይኖርበታል። አዎርቲክ የሚያስመልስ በሆነ ጊዜም ተመሳሳይ መሸፈን አለ። ብቻውን ቢሆን የግራውን የታችኛ ክፍል ያሰፋው የነበረው የሚመለስ ደም፣ ሚትራል ከላይ ስለ ጠበበና የሚገባውን ስለ ቀነሰ፣ ልብን የሚገባውን ያህል ሳያሰፋ ይቆያል።

ተቃራኒውም ይገኛል። አዎርቲክ ሲጠብ የግራው የታችኛ ክፍል በከባድ ግፊት ስለሚሠራ፣ ራሱ ያልታመመ ሚትራል እንኳ ማስመለስ ሊጀምር ይችላል። በዚህ ጊዜ አዎርቲክ ሲታከም የሚትራል ማስመለስ በራሱ ሊቀንስ ይችላል፤ ሚትራልን መንካት ላያስፈልግ ይችላል። ነገር ግን የሚትራል ክዳኖች በሩማቲክ ጠባሳ የተጎዱ ከሆኑ ይህን ተስፋ ማድረግ አይገባም። ይህን ለመለየት የልብ አልትራሳውንድ ወይም በተለምዶ ኢኮ የሚባለው ምርመራ በጥንቃቄ መደረግና በልብ ሐኪምና በቀዶ ሐኪም በአንድነት መታየት አለበት።

ሰበካ ጉባኤ ስለዚህ ምን ያገባዋል ቢባል፣ ያገባዋል እንላለን። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ የሚቀርበው ማስረጃ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ይመጣል። ኮሚቴው ያንን ቁጥር ከማንበቡ በፊት ቤተሰቡን ሊጠይቅ የሚገባው፣ የታመሙት በሮች ስንት እንደሆኑና የታሰበው ሕክምና ለአንዱ ነው ወይስ ለሁለቱ የሚለውን ነው። ርካሽ ሆኖ የቀረበ የአንድ በር ዋጋ፣ ሁለት በሮቹ ለታመሙበት ሰው ርካሽ ላይሆን ይችላል።

አዎርቲክ በቀላሉ ብቻ የተጎዳና ዋናው ችግር የሚትራል ጥበት ሲሆን ደረት ሳይከፈት የሚሠራ ሌላ መንገድ አለ። ጃፓናዊው ሐኪም ካንጂ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ1984 ይፋ ባደረገው ዘዴ፣ በጭን የደም ሥር በኩል ወደ ልብ የሚላክ ባሉን ተነፍቶ የተጣበቁትን የሚትራል ክዳኖች ያላቅቃል። ለብዙ ወጣቶች የዓመታት ዕረፍት ይሰጣል። በሩ እጅግ ኖራማ ሆኖ ከጠነከረ፣ ወይም ብዙ የሚያስመልስ ከሆነ፣ ወይም በልብ ውስጥ የረጋ ደም ካለ ግን አይመከርም።

በቀዶ ሕክምናው ዕለት የሚሆነው

ልብን ከፍቶ መሥራት የተቻለው የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ የሚሠራ ማሽን ከተገኘ በኋላ ነው። አሜሪካዊው ጆን ጊቦን በዚህ ማሽን የመጀመሪያውን የተሳካ ቀዶ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1953 በፊላደልፊያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1960 ድዋይት ሃርከን በቦስተን የአዎርቲክን በር፣ አልበርት ስታር ደግሞ በኦሪገን የሚትራልን በር በሰው ሠራሽ በር ተኩ። ስታር የተጠቀመበትን በር አብሮት የሠራው ሎዌል ኤድዋርድስ ሐኪም ሳይሆን መሐንዲስ ነበር፤ በሩም በትንሽ ቀፎ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የምትንቀሳቀስ ኳስ ነበረች። ሁለቱን በሮች በአንድ ዕለት መተካትም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ።

ዛሬ ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። የደረት መሐል አጥንት ይከፈታል። ደሙ በማሽኑ በኩል እንዲዞር ይደረጋል፤ ልብም ፖታሲየም ባለበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ታግዞ እንዲያርፍ ይደረጋል። ቀዶ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ አዎርታን ከፍቶ የታመመውን የአዎርቲክ በር ያወጣል፣ ነገር ግን አዲሱን ወዲያው አያስገባም። በቅድሚያ የሚትራልን በር ተክቶ ይሰፋል፤ ከዚያ ተመልሶ አዎርቲክን ይተካል። ምክንያቱ ቀደም ብለን ያነሣነው ጉርብትና ነው። ጠንካራው ሰው ሠራሽ በር በአዎርቲክ ቦታ ቀድሞ ቢገባ የጋራ መጋረጃውን ስለሚይዘው ሚትራልን ማየትና መስፋት አስቸጋሪ ይሆናል። የአዎርቲክ ቀለበት ለአዲሱ በር እጅግ ጠባብ ሲሆንም ሐኪሙ ከልብ ከረጢት በተወሰደ ጨርቅ መሰል ቁራጭ ሊያሰፋው ይችላል።

የሁለት በር ሥራ ልብ የሚያርፍበትን ሰዓት ስለሚያረዝም ከአንድ በር ሥራ ይልቅ አደጋው ከፍ ይላል። ይህን ለቤተሰብ መሸሸግ አይገባም። ይሁን እንጂ ሁለቱ በሮች በእርግጥ ክፉኛ ታመው ከሆነ፣ አንዱን ዛሬ ሌላውን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማለት ብዙ ጊዜ የከፋ ምርጫ ነው፤ ዳግመኛ የሚከፈት ደረት በጠባሳ የተያያዘ ነውና። በተቻለ መጠንም ሐኪሙ ሚትራልን ከመተካት ይልቅ መጠገንን ይመርጣል። በሩማቲክ ሕመም ግን ክዳኖቹና ጅማቶቹ ስለሚወፍሩ ጥገናው ለሁሉም አይሳካም፤ ብዙ ልምድም ይጠይቃል።

ለዚህ ሥራ ደም ያስፈልጋል። ወጣቶችን አስተባብሮ ለደም ባንክ በፈቃደኝነት ደም ማስለገስ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ያለ ብር ሊያደርጉት የሚችሉት ትልቅ ርዳታ ነው።

የትኛው በር ይግባ?

ሰው ሠራሽ በሮች በሁለት ይከፈላሉ። ሕዝባችን የብረት በር የሚለው፣ በእውነቱ ከልዩ ካርቦን የሚሠራው፣ በራሱ ለአሥርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ነገር ግን ደም በላዩ እንዳይረጋ ሕመምተኛው ዕድሜውን ሙሉ ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መውሰድ አለበት። ሁለተኛው ከእንስሳ አካል፣ ይኸውም ከላም የልብ ከረጢት ወይም ከአሳማ የልብ በር፣ በኬሚካል ታክሞ የሚሠራ ነው። የዕድሜ ልክ ዋርፋሪን ላያስፈልገው ይችላል፤ በአረጋውያን ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ሲያገለግል በወጣቶች ግን ቶሎ ያረጃል፤ ያን ጊዜ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይመጣል። ስለ አሳማው የሚጠይቁ ምእመናን አሉ። የመብል ጉዳይ አለመሆኑን ካህኑ ሊያስረዳቸው ይችላል፤ ልቡ ለማያርፍ ሰው ደግሞ ከላም የሚሠራው መኖሩን አስቀድሞ ለሐኪሙ እንዲናገር መምከር ይበቃል።

ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው በወጣት ሴቶች ላይ ነው። ኢትዮጵያ የተሳተፈችበትና በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በህንድና በየመን 3,343 ሕሙማንን ያካተተው ሬመዲ የተባለ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሩማቲክ የልብ ሕሙማን መካከል ሁለት ሦስተኛው ያህል ሴቶች ናቸው፤ የሕሙማኑም መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት ነው። አንዲት ለጋብቻ የደረሰች የ20 ዓመት ወጣት እናስብ። የብረት በር ብታስገባ ዋርፋሪን ትወስዳለች፤ ዋርፋሪን ደግሞ በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ፅንስን ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒቱን ብታቋርጥ በበሩ ላይ ደም ይረጋና የራስዋ ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ከእንስሳ የተሠራውን ብታስገባ መውለድ ይቀልላታል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና በር ላይ ይጠብቃታል። ሁለቱም በሮቿ ከታመሙ ሁለቱም ዓይነት ዋጋ በእጥፍ ይታሰባል። ለዚህ አንድ ትክክለኛ መልስ የለም። ወጣቷ፣ ቤተሰቧና ሐኪሞቿ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቁጭ ብለው ሊነጋገሩበት ይገባል፤ ንስሐ አባቷም ከእነርሱ ጋር ቢገኝ መልካም ነው።

ንስሐ አባቶችን የምንለምነው አንድ ነገር አለ። የብረት በር ያላት እናት ልጅ አልወለደችም ተብላ በቤተ ዘመድ ስትነቀፍ፣ ብዙ ጊዜ ነቀፋው ወደ ጆሮዋ የሚገባው መድኃኒቱን በድብቅ እንድታቆም የሚገፋ ምክር ሆኖ ነው። ካህኑ በቤቱ ያለው ሥልጣን ይህን ሊያስቆም ይችላል። ማርገዝ ከፈለገች ከማርገዝዋ በፊት ወደ ሐኪም ትሂድ፤ ዋርፋሪን በሄፓሪን መርፌ የሚተካበት ጊዜ አለ፣ ነገር ግን ከቅርብ ክትትል ጋር ብቻ ነው።

ዋርፋሪን፣ ጾምና ጠበል

ዋርፋሪን ሲበዛ ደም ያፈስሳል፤ ሲያንስ ደም ያረጋል። መጠኑ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ሲሆን፣ የብረት በር በሚትራል ቦታ ወይም በሁለቱም ቦታ ያለው ሰው በአብዛኛው ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ልክ ውስጥ እንዲቆይ ይፈለጋል። ከላይ በጠቀስነው ጥናት ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከታዘዘላቸው ሕሙማን መካከል መለኪያቸው በሚፈለገው ልክ ላይ የተገኘው 28 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የተሠራው ቀዶ ሕክምና ምንም ያህል የተዋጣለት ቢሆን በዚህ ክፍተት በኩል ሊጠፋ ይችላል። ምርመራ የማይጠይቁት አዳዲሶቹ ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች ደግሞ ለብረት በር አይሆኑም፤ በአንደኛው ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት የደም መርጋትም የደም መፍሰስም ስለ በዛበት ቆሟል። ስለዚህ ማንም ከውጭ አገር በመጣ መድኃኒት ዋርፋሪንን እንዳይተካ።

ጾምን በተመለከተ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ጉዳይ አለ። ዋርፋሪን የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ላይ በመሆኑ፣ ይህ ቫይታሚን የሚበዛባቸው እንደ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያሉ ቅጠላ ቅጠሎች የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳሉ። በፍስክ ጊዜ ጎመን እምብዛም የማይበላ ሰው በዐቢይ ጾም በየዕለቱ ቢበላ መለኪያው ወርዶ ደሙ ሊረጋ ይችላል። በተቃራኒው ከጾም በኋላ ቅጠሉን ድንገት ቢተወው መለኪያው ይወጣና ደም ሊፈስሰው ይችላል። ጎመን የተከለከለ ነው ማለታችን አይደለም። የሚፈለገው መጠኑ በጾምም በፍስክም ተቀራራቢ እንዲሆንና፣ ጾም ሲገባና ሲፈታ የደም ምርመራው እንዲደረግ ነው። ሕመምተኛ ከጾም የሚያርፍበት ሥርዓት በቤተ ክርስቲያናችን የታወቀ ነው፤ ፍርዱ የንስሐ አባት ስለሆነ ሕመምተኛው ራሱን ጥፋተኛ እያደረገ ብቻውን እንዲወስን አይተው። መጾም ለሚችለውም ዋርፋሪን በቀን አንድ ጊዜ ማታ ስለሚወሰድ ከጾሙ ሰዓት ጋር አይጋጭም።

በጠበል በኩል ልምድ አለን። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ማስተማራቸው መድኃኒታቸውን ጥለው ለነበሩ ብዙዎች መንገድ ከፍቷል። ለልብ ሕሙማንም የሚነገረው ይኸው ነው፤ የጠበል ሱባዔ የዋርፋሪን ማቆሚያ አይሁን። የብረት በር ያለው ሰው መድኃኒቱን ለጥቂት ቀናት ማቋረጡ ብቻ ለስትሮክ ሊያጋልጠው ይችላል። ደግሞም ልቡ የደከመ ሰው የሚጠጣው ፈሳሽ በሐኪም የተለካ ሊሆን ስለሚችል፣ በጠበል ስፍራ በብዛት እንዲጠጣ ማስገደድ ሳንባው ውኃ እንዲቋጥር ያደርጋል። የጠበል ስፍራ አገልጋዮች ጥቂቱ እንደሚበቃው ያውቁለት።

ደረቱ የተከፈተ ሰው አጥንቱ እስኪገጥም ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል። እስከዚያ ስግደት አይስገድ፤ ከባድ ነገርም አያንሣ። ራስ ምታትና ቁርጥማት ሲያመው እንደ አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉትን ከመድኃኒት ቤት በራሱ ገዝቶ እንዳይወስድ፣ የባህል መድኃኒትም ሲጀምር ለሐኪሙ እንዲናገር ምከሩት። ጥርሱን በንጽሕና መጠበቅና ጥርሱን ከማስነቀሉ በፊት ሰው ሠራሽ በር እንዳለው መናገር አለበት፤ ከአፍ ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ በበሩ ላይ ሊያቆጠቁጥ ይችላልና።

በሩ ከተተካም በኋላ ፔኒሲሊን አይቆምም። በ3 ወይም በ4 ሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሩማቲክ ትኩሳት ተመልሶ የቀሩትን በሮች እንዳያጠቃ ይጠብቃል። ልቡ እጅግ ለደከመ ሰው ሐኪሙ መርፌውን በሚዋጥ ፔኒሲሊን ሊለውጠው ይችላል። በሰሜን ዩጋንዳ 818 ልጆች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት የመርፌውን ጥቅም በግልጽ አሳይቷል። በኢኮ ብቻ የታየ ገና ምልክት ያልሰጠ ሕመም ከነበራቸው ልጆች መካከል፣ መርፌውን ለ2 ዓመት የወሰዱት ሕመማቸው የባሰባቸው 0.8 በመቶ ሲሆኑ ካልወሰዱት ግን 8.2 በመቶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት የወጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም መግለጫም ከ7ቱ ተግባራት መካከል የፔኒሲሊን አቅርቦትንና የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከላትን አካቷል።

ለሰበካ ጉባኤ የሚቀረው ሥራ

በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ብዙ ልጆችን በነጻ አክሟል፤ ተራ የሚጠብቀው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ቤተሰብ ወደ ውጭ አገር ያስባል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን የሰበካ ጉባኤው የልማት ክፍል ርዳታ ሲያሰባስብ ከቀዶ ሕክምናው ዋጋ ሌላ ለቀጣዮቹ ዓመታት የተለየ ሒሳብ እንዲከፍት እንመክራለን። ከዚያ የሚወጣው የዋርፋሪን መግዣ፣ የአይ ኤን አር ምርመራና ወደ ምርመራው ከተማ መጓጓዣ ነው። በየወሩ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ለገጠሩ ቤተሰብ ግን መድኃኒቱ የሚቋረጠው በዚሁ ትንሽ ወጪ ምክንያት ነው። ቤተሰቡ ገና ሳይጓዝም ምርመራው ለወደፊቱ የት እንደሚደረግ ይጠየቅ። ምርመራ በማይገኝበት ወረዳ ለሚኖር ሰው የብረት በር መምረጥ ሌላ ትርጉም ስላለው ይህ መረጃ ለቀዶ ሐኪሙ መድረስ አለበት።

ከኮሚቴው አንድ ሰው፣ ቢቻል ከአጥቢያው ምእመናን መካከል የሆነ የጤና ባለሙያ፣ የሕመምተኛውን የምርመራ ቀንና የመርፌ ቀን በመዝገብ ይያዝ። ሕመምተኛው የበሩ ዓይነት፣ የተተከለበት ቀንና የሚወስደው መድኃኒት የተጻፈበትን ካርድ ሁልጊዜ በኪሱ እንዲይዝ ይደረግ።

የብረት በር ድምፅ አለው። በጸጥታ ጊዜ አጠገቡ ለቆመ ሰው እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ያ ድምፅ ድንገት ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ፣ ሕመምተኛው ትንፋሽ ካጠረው፣ አፉ ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ ወይም አነጋገሩ ከተሳሰረ፣ እስከ ነገ ሳይባል በዚያው ሰዓት ከነካርዱ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ የአጥቢያው መኪና ካለም ለዚህ ይዋል።